የታይ ሻይ፣ የጾም ወተትና የእኛ ስም

«ሻይ» የሚለው ቃል ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሳያስበው የዓለምን የንግድ ታሪክ ይገልጣል። መነሻው ቻይና ነው። በየብስ ወደ ፋርስ፣ ወደ ቱርክና ወደ ሩስያ የተጓዘው «ቻ» እየተለወጠ «ቻይ» እና «ሻይ» ሆነ፤ እኛም የያዝነው ይህንኑ ነው። ከፉጂያን ጠረፍ በሆላንድ መርከቦች ተጭኖ የወጣው ግን «ቴ» ሆኖ ምዕራብ አውሮፓን አዳረሰ። ስለዚህ ስዊድናዊው «ቴ» ይላል፣ የታይላንዱ ሰው «ቻ» ይላል፣ እኛ «ሻይ» እንላለን።

አገር በችግር ላይ ሳለች ስለ ሻይ መጻፍ ምን ይሉታል የሚል አንባቢ አይጠፋም። እኔ ግን አንድ ሕዝብ በዓለም ገበያ ስሙን እንዴት እንደሚያስከብር ወይም እንደሚያስነጥቅ ለማየት ከአንድ ብርጭቆ የተሻለ ምስክር አላገኘሁም። ብርጭቆው በስቶክሆልም የታይ ምግብ ቤቶች የሚቀርበው፣ በበረዶ የቀዘቀዘው፣ ብርቱካንማው ሻይ ነው። ልጆቻችን ከእኛ ቀድመው ያውቁታል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሞ የስዊድንን ድርሻ እንይ። የስዊድን ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በ1731 ዓ.ም. ተቋቁሞ እስከ 1813 ዘለቀ፤ መርከቦቹ ከጎተንበርግ ተነሥተው ወደ ካንቶን ይመላለሱ ነበር። ከሚያመጡት ጭነት ዋናው ሻይ ነበር። ይህ ሻይ ግን በአብዛኛው ስዊድን ውስጥ አልተጠጣም፤ ተመልሶ ተሸጠ፣ ብዙውም በኮንትሮባንድ እንግሊዝ ገባ። እንግሊዝ በ1784 የሻይ ቀረጧን ስትቀንስ የኩባንያው ትርፍ ተመታ። ሊቁ ካርል ሊኔም ለሻይ ሲባል ብር ከአገር መውጣቱ ያንገበግበው ስለነበር ተክሉን በኡፕሳላ ለማልማት ተመኘ። በ1763 ካፒቴን ኤኬበርግ ሕያው የሻይ ችግኝ ከቻይና አመጣለት። ብርዱ ግን ሊቅን አያከብርምና ሕልሙ አልተሳካም።

አሁን ወደ ታይ ሻይ እንምጣ። ብዙዎቻችን ጥንታዊ የእስያ ባህል አድርገን እናየዋለን። ሆኖም ውስጡን ቢመረምሩት አብዛኛው ከውጭ የመጣ ነው። ቅጠሉ ከቻይናና ከሕንድ ውቅያኖስ የንግድ ዓለም የተገኘ ነው። ወተቱ የጣሳ ወተት ነው፤ ውሃው ተንኖ ስኳር የተጨመረበትን ወተት ጌል ቦርደን በአሜሪካ የባለቤትነት መብት ያስመዘገበበት በ1856 ሲሆን፣ በ1866 ደግሞ አንግሎ ስዊስ የተባለው ኩባንያ በስዊዘርላንድ ፋብሪካ ከፈተ። ላም ማለብ እምብዛም ባልተለመደበት፣ ማቀዝቀዣም ባልነበረበት ሞቃት አገር የማይበላሽ ወተት ትልቅ ነገር ነበር። የታይላንድና የዴንማርክ የወተት እርሻ እንኳ የተመረቀው በ1962 ነው። ብርቱካንማው ቀለምም ቢሆን ብዙውን ጊዜ የፋብሪካ ማቅለሚያ ነው። ከተለመዱት አንዱ ኢ 110 የሚባለው ነው፤ ከ2010 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት ይህ ቀለም ያለበት ምግብ በልጆች ንቃትና ትኩረት ላይ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል የሚል ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍበት ሕግ ያስገድዳል። ወላጅ የሆነ ሁሉ ፓኬቱን ገልብጦ ያንብብ።

ታዲያ ከባዕድ ነገሮች የተቀመመ መጠጥ እንዴት «ታይ» ተባለ? ባለቤቶቹ ስለሠሩበት ነው። ሲያም እንደ ኢትዮጵያ ሁሉ ቅኝ ሳትገዛ የኖረች አገር ናት። ንጉሥ ቹላሎንግኮርን የአፄ ምኒልክ ዘመንተኛ ሲሆን በ1897 ስዊድንን ጎብኝቷል፤ ለዚያ ጉብኝት መታሰቢያ በራጉንዳ የታይ ድንኳነ ንጉሥ በ1998 ተመርቋል። የእኛም ራስ ተፈሪ በ1924 ስቶክሆልም ገብተው ነበር። ልዩነቱ የታየው በኋላ ነው። የታይላንድ መንግሥት በ2002 በውጭ ያሉ የታይ ምግብ ቤቶችን ቁጥር የሚያበዛ ፖሊሲ አውጥቶ ምግብን የአገር አምባሳደር አደረገ።

እኛ በእነዚያው ዓመታት ምን ላይ ነበርን? የሲዳሞን፣ የሐረርንና የይርጋ ጨፌን ስም በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ኢትዮጵያ በ2005 አመልክታ ከስታርባክስ ጋር ተሟገተች፤ ስምምነት የተደረሰው በ2007 ነው። በዚያው በ2007 ለአንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ አሠራር ላይ የአውሮፓ ፓተንት ተሰጠው። የሄግ ፍርድ ቤት በሆላንድ የሚጸናውን ፓተንት ውድቅ ያደረገው በ2018 ነበር። ሌሎች ስማቸውን ሲተክሉ እኛ የተነጠቀ ስም ስናስመልስ ከረምን ማለት ነው።

እዚህ ላይ የኮኮናት ነገር ይመጣል። በዚህ ከተማ የሚኖር ጾመኛ ኢትዮጵያዊ የታይ ሻይን በጣሳ የላም ወተት ሊጠጣው አይችልም፤ በኮኮናት ወተት ግን ይችላል። እኔ ቤት ሁዳዴ ሲገባ እንዲህ ነው የሚዘጋጀው። አራት ዴሲሊትር ቅባቱ ያልተቀነሰ የኮኮናት ወተት ከአንድ ዴሲሊትር ስኳር ጋር በቀስታ እሳት ላይ ይጣዳል፤ እየተማሰለ ግማሽ እስኪሆን፣ ወደ ግማሽ ሰዓት ገደማ፣ ይቆያል። በግማሽ ሊትር የፈላ ውሃ አራት የሾርባ ማንኪያ ጥቁር ሻይ፣ አንድ ስንጥር ቀረፋ፣ ሁለት ቅርንፉድና ጥቂት ሄል ተጨምሮ አምስት ደቂቃ ይዘፈዘፋል፤ ከዚያ በላይ ከቆየ ይመርራል። ተጠልሎ በደንብ ይቀዘቅዛል። ብርጭቆ በበረዶ ይሞላል፣ ሻዩ ይቀዳል፣ ወተቱ በማንኪያ ጀርባ ላይ ቀስ ተብሎ ይፈስሳል። ሁለቱ ሳይቀላቀሉ ሲታዩ የአዲስ አበባን ስፕሪስ ያስታውሳሉ። ቀለም አያስፈልገውም።

ልብ በሉ፤ ቀረፋው፣ ቅርንፉዱና ሄሉ የእናቶቻችን የሻይ ቅመም ነው። ቅጠሉም ከከፋው ውሽውሽ ወይም ከኢሉባቦሩ ጉማሮ ሊሆን ይችላል። ከላም ያልታለበ ወተትም ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ሱፍ አፍልቶ፣ ወቅጦ፣ በውሃ በጥብጦና አጥልሎ ነጭ መጠጥ ማውጣት የጾም ማዕዳችን የቆየ ጥበብ ነው። ስዊድናዊው ሪካርድ ኦስተ በሉንድ ዩኒቨርሲቲ ከአጃ ወተት መሰል መጠጥ አውጥቶ ኦትሊ የተባለው ኩባንያ በ1990ዎቹ ሲመሠረት፣ የእኛ ሱፍ በየጓዳው በቅል ውስጥ ነበረ። ሰውየው በምርምሩ አይወቀስም። የሚያስቆጨው፣ ጾምን ያህል የዘመናት ቤተ ሙከራ ይዘን ዛሬ ዓለም የሚሻማበትን ዕውቀት እንደ ድህነት ምግብ መቁጠራችን ነው።

አንዳንድ ወገኖች ባህል የሚጠበቀው ከባዕድ ሳይነካካ ሲቀር ነው ይላሉ። የብርጭቆው ታሪክ ግን ሌላ ይመሰክራል፤ ቅጠሉን፣ ጣሳውንና በረዶውን ከሰው ተቀብሎ በራሱ ስም ያቀረበ ሕዝብ ባህሉን አሰፋ እንጂ አልጣለም። በስቶክሆልም የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ያላችሁ ወገኖች፣ በምግብ ዝርዝራችሁ ላይ «የጾም ሻይ» ብላችሁ በአማርኛ ስሙ ጻፉት፤ በሱፍ ወተትም ሞክሩት። ለስዊድናዊው ደንበኛ ስሙን አትተርጉሙለት፤ «ቻ»ን እንደለመደ ይህንንም ይለምደዋል።

ቸር ይግጠመን።