ተራማጅ ሮክ፦ ረጅም ዘፈን ለለመደ ጆሮ

ገንዳ ውኃም ሆነ መተማ ዮሐንስ ሚሞሪ የሚጭን ሱቅ ብትገቡ ዘፈኑ በፎልደር ተከፋፍሎ ይጠብቃችኋል፦ «ጎንደርኛ»፣ «ሱዳን»፣ «ትዝታ»፣ «የሠርግ»። የዘፋኙን ስም የማያውቅ ሰው እንኳ የፎልደሩን ስም ጠርቶ የሚፈልገውን ያገኛል። አንድ ደንበኛ ፕሮግረሲቭ ሮክ የሚባለውን ሙዚቃ በፍላሽ ይዞ ቢመጣ ግን ባለሱቁ ፎልደሩን ምን ብሎ ይሰይመው? «ሮክ» ብሎ ቢያልፈው አይፈረድበትም። ቢሆንም «ሮክ» ብሎ የከፈተው አድማጭ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ዘፈኑ ሌላ ዘፈን ሲሆንበት ስልኬ ተበላሸ ወይ ማለቱ አይቀርም።

ፕሮግረሲቭ ሮክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ እንግሊዝ አገር የበቀለ የሮክ ዘርፍ ነው። ወጣቶቹ ሙዚቀኞች የሮክን የጊታርና የድራም ጉልበት ሳይለቁ ከጃዝ እዚያው መድረክ ላይ እየፈጠሩ መጫወትን፣ ከክላሲካል ረጅም ድርሰትን፣ ከባላገር ዘፈን ደግሞ ለስላሳ ዜማን ወሰዱ። በዚህ መንገድ የተሠራ ዘፈን አዝማቹን ሦስት አራት ጊዜ ብሎ አይሰናበትም። አንዱን ክፍል ጨርሶ ፈጽሞ ወደማይመስለው ክፍል ይሻገራል፣ ምቱን ይቀይራል፣ ዝም ይላል፣ ከዚያ ድንገት ይጮኻል። ግጥሙም ከፍቅር ጓዳ ወጥቶ ስለ ጦርነት፣ ስለ እብደት፣ ስለ ነገሥታትና ስለ ዓለም ፍጻሜ ያወራል።

በአማርኛ «ተራማጅ ሮክ» እንበለው። ቃሉ ፖለቲካ ፖለቲካ እንደሚሸት አይጠፋኝም። «ተራማጅ» የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ ያሳደጉት፣ የደርግ ዘመን መፈክር ደግሞ አድክሞ የጣለው ቃል ነው። ዘመኑም ይገጣጠማል፦ የዚህ ስልት ፈር ቀዳጅ ከሚባሉት አንዱ የሆነው አልበም የወጣው መስከረም 30 ቀን 1962 ዓ.ም. ሲሆን የተማሪዎቹ መሪ ጥላሁን ግዛው አዲስ አበባ ላይ የተገደለው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ነው። ሌላ ቃል ብንፈልግስ? «አዳጊ ሮክ» ልጅ ያስመስለዋል። «ዘመናዊ» እንዳንል በእኛ አገር ከክራርና ከማሲንቆ ወዲህ ያለው ሁሉ ዘመናዊ ተብሏል። «የረቀቀ ሮክ» ማለት ሌላውን ሮክ መስደብ ነው። «ተራመደ» ግን መሠረቱ እግር ነው፤ ከአንድ ቦታ ተነሥቶ ሌላ ቦታ መድረስ። የሙዚቃው ጠባይ ይኸው ስለሆነ ቃሉን ከመፈክሩ አስመልሶ ለዘፈን ማዋል ያዋጣል ባይ ነኝ።

ፈር ቀዳጅ ያልኩት አልበም ኪንግ ክሪምሰን የተባለው የለንደን ባንድ የመጀመሪያ ሥራ ነው። ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «በክሪምሰን ንጉሥ ግቢ» ይሆናል። ክሪምሰን ደም የመሰለ ቀይ ነው፤ «ግቢ» ሲባል ደግሞ ለጎንደር ሰው አስረጂ አያሻውም። ሮበርት ፍሪፕ ጊታር፣ ግሬግ ሌክ ቤዝ ጊታርና ድምፅ፣ ማይክል ጃይልስ ድራም፣ ኢያን ማክዶናልድ ሳክስፎን፣ ፍሉትና ኪቦርድ ይጫወቱ ነበር። አምስተኛው አባል ፒተር ሲንፊልድ መሣሪያ አይነካም፤ ሥራው ግጥም መጻፍና የመድረኩን መብራት መቆጣጠር ነበር። (እኛ ዘንድ ገጣሚ የባንድ አባል ሆኖ ሲቆጠር ስንት ጊዜ አይተናል? አብዛኛውን ጊዜ ስሙ ሽፋኑ ጀርባ ላይ በደቃቅ ፊደል ይጻፋል፣ እሱም ከተጻፈ።) ባንዱ አልበሙን ከማውጣቱ በፊት እ.ኤ.አ. ሐምሌ 5 ቀን 1969 ሮሊንግ ስቶንስ ሃይድ ፓርክ ውስጥ በነጻ ባቀረቡት ዝግጅት ላይ በመቶ ሺህ በሚቆጠር ሕዝብ ፊት ተጫውቶ ስሙን ተክሏል። ስቱዲዮ ሲገቡ ግን ከታዋቂ ፕሮዲዩሰር ጋር የጀመሩት ቀረጻ አላረካቸውም። ጣሉትና ራሳቸው ሠሩት።

የፊት ሽፋኑ ላይ የባንዱም የአልበሙም ስም የለም። ያለው አፉን ከፍቶ የሚጮኽ፣ ዓይኑ ወደ ጎን የሸሸ ቀይ ፊት ብቻ ነው። ሠዓሊው ባሪ ጎድበር የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠሪ ነበር፤ አልበሙ በወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ በ24 ዓመቱ ሞተ።

አሁን የመጀመሪያውን ዘፈን እንክፈተው፤ «የ21ኛው ክፍለ ዘመን ስኪዞይድ ሰው» ይባላል። መጀመሪያ የሚሰማው ከሩቅ የሚመጣ፣ የምን እንደሆነ የማይለይ ንፋስ መሰል ድምፅ ነው። ድምፁን ከፍ ልታደርጉ እጃችሁን ስትሰዱ ጊታሩና ሳክስፎኑ አንድ ላይ ሆነው ይወርዱባችኋል። የዘፋኙ ድምፅ ሆን ተብሎ ተቀጥቅጧል፤ በተበላሸ ድምፅ ማጉያ የሚናገር ሰው ይመስላል። ሁለት ስንኝ ቤት ካለፈ በኋላ ዘፈኑ ይሰነጠቅና መካከሉ ላይ ሩጫ ይጀመራል፦ ድራሙ ይቀድማል፣ ጊታሩ ይከተላል፣ ሳክስፎኑ ያብዳል። ከዚያ አራቱም በአንድ እስትንፋስ ትንንሽ ሐረጎች እየተኮሱ ቀጥ ይላሉ፤ ይተኩሳሉ፤ ቀጥ ይላሉ። ዝምታው ራሱ ምት ይሆናል። የመጀመሪያው ዜማ ተመልሶ የመጨረሻውን ግጥም ካስባለ በኋላ ሁሉም መሣሪያ ተቀላቅሎ ይፈርሳል። ይህ ሁሉ ሰባት ደቂቃ ከምናምን ነው።

እንዲህ ካስደነገጡ በኋላ የሚያመጡት ዘፈን «ለነፋስ አወጋለሁ» ነው፤ በፍሉት የሚሄድ፣ እንቅልፍ የሚያመጣ ለስላሳ ነገር። የአልበሙ ብልኃት ይኼ ይመስለኛል። ጩኸቱ ያስፈራው ለስላሳው ስላለ ነው፣ ለስላሳውም የሚያሳዝነው ከጩኸቱ ቀጥሎ ስለመጣ ነው። ሦስተኛው «ኤፒታፍ» ማለትም የመቃብር ላይ ጽሑፍ ሲሆን ከጀርባው የቫዮሊን ሠራዊት የቆመ ይመስላል። ቫዮሊን የለም። ያለው ሜሎትሮን የሚባል ኪቦርድ ነው። በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር በካሴት ክር ዓይነት ቴፕ ላይ የተቀዳ የእውነተኛ መሣሪያ ድምፅ አለ፤ ቁልፉ ሲጫን ክሩ ይሮጣል። ክሩ ግን ስምንት ሴኮንድ ያህል ነው፤ ካለቀ አለቀ፣ ጣት አንሥቶ እንደገና መጫን ነው። ካሴቱ በሙቀት ሲቀልጥበትና ክሩን በእስክሪብቶ ሲያጠነጥን ያደገ የቆላ ሰው የዚህን መሣሪያ ድምፅ ሲሰማ ለምን ትንሽ እንደሚወዛወዝ ወዲያው ይገባዋል።

ግጥሙን እዚህ አልጠቅሰውም፤ ጭብጡ ግን ግልጽ ነው። የመጀመሪያው ዘፈን የቬትናም ጦርነት እሳት ያለበት ነው፤ ሰው ያቃጠለውን እያየ አእምሮው ለሁለት የተከፈለን ሰው ያሳያል። «ኤፒታፍ» ኃያላን አገሮች ኒውክሌር ተማዝዘው በተፋጠጡበት ዘመን ነገን የሚፈራ ወጣት ሙሾ ነው። የመጨረሻው፣ የአልበሙን ስም የያዘው ዘፈን፣ ወደ አንድ እንግዳ ንጉሥ ግቢ ያስገባናል፤ አጫዋቹ፣ ጠንቋይዋ፣ አትክልተኛው ሁሉ ያልፋል፣ ንጉሡ ግን አይታይም። ለምዕራብ ጎንደር አንባቢ ይህ ተረት ብቻ አይደለም። ቋራ ካሳ ኃይሉን አብቅሎ ቴዎድሮስ አድርጎ የላከ አገር ነው። መተማ ደግሞ አፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ የወደቁበት፣ ከተማውም በስማቸው የሚጠራበት ነው። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023 ወዲህ የሱዳን ጦርነት ያባረራቸው ሰዎች በዚሁ በር እየተሻገሩ ገብተዋል። ለንደን ላይ በሥጋት የተጻፈው እዚህ በዓይን የታየ ነው።

ዘፈኖቹ ለምን እንዲህ ረዘሙ? አንዱ ምክንያት ሸክላው ነው። ትልቁ ሸክላ በአንድ ገጹ ሃያ ደቂቃና ከዚያም በላይ ይይዛል። ተራማጆቹ ያንን ቦታ ሰፊ ሜዳ አድርገው አዩት፤ 44 ደቂቃ ገደማ በሆነው በኪንግ ክሪምሰን አልበም ላይ ያሉት አምስት ዘፈኖች ብቻ ናቸው። በዚያው እ.ኤ.አ. 1969 አዲስ አበባ ላይ አምሃ እሸቴ አምሃ ሬከርድስን አቋቁሞ የነዓለማየሁ እሸቴን ሥራ በትንሹ ሸክላ ማሳተም ጀመረ። ትንሹ ሸክላ በአንድ ገጽ አንድ ዘፈን ነው፤ ተጀምሮ፣ አዝማቹ ተሰምቶ፣ ማለቅ አለበት። ያ ወርቃማ የምንለው ዘመን ጆሯችንን ለአጭር ዘፈን አሠልጥኖታል። ካሴት ሲመጣ ቦታው ሰፋ፤ ልማዱ ግን እዚያው ቀረ።

መተማ ላይ ግን ነገሩ ይለያል። ከገላባት ማዶ የሚመጣው የሱዳን ዘፈን በአምስቱ ድምፅ ቅኝቱ ለእኛ ዘመድ ነው፤ በርዝመቱ ግን ሌላ ትምህርት ቤት ነው። ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት ቫዮሊኖቹና አኮርዲዮኑ የራሳቸውን ታሪክ አውርተው ይጨርሳሉ፤ በስንኝና በስንኝ መካከልም አዲስ ዜማ ያመጣሉ። የመሐመድ ዋርዲን ረጃጅም ዘፈኖች ከአይሱዙው ጋቢና እስከ ሰሊጥ ማሳው ድረስ ሲሰማ የኖረ ሾፌርም ሆነ ሳሉግ የሚባለው ወቅታዊ ሠራተኛ መግቢያው ረዘመብኝ ብሎ አያማርርም። ይህ ሰው ለተራማጅ ሮክ ከአዲስ አበባው አድማጭ ይልቅ የተዘጋጀ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከደጋው በኩልም ሌላ መንገድ አለ። ጎንደር በአታ የአቋቋም ምስክር ነው። ማሕሌት የቆመ ሰው ያውቀዋል፦ አንዱ ቃል በቁም ዜማ ያለ ከበሮ ይባላል፣ በዝማሜ መቋሚያው ይነሣል፣ በመረግድ ከበሮና ጸናጽል ይገባል፣ በጽፋት ይፋጠናል። ቃሉ ያው ነው፤ የሚሄድበት ደረጃ ግን አራት አምስት ነው። ቅዱሱን ከዓለማዊው ላስተካክል አይደለም፤ አንድን ድርሰት በክፍል በክፍል እያሳደጉ ማድረስ ለዚህ አገር ባዕድ እንዳልሆነ ለማሳየት ነው።

እኛስ ሞክረነዋል? በጣም የቀረበው የጃኖ ባንድ የመጀመሪያ አልበም «ኤርታሌ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ። ፕሮዲዩሰሩ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነው፤ የቻግኒዋን የእጅጋየሁ ሽባባውን፣ የጂጂን፣ እ.ኤ.አ. የ2001 አልበም የሠራው ሰው። ዲበኩሉ ታፈሰ፣ ኃይሉ አመርጋ፣ ሄዋን ገብረወልድና ሃሌሉያ ተክለጻድቅ፣ ሁለት ወንድ ሁለት ሴት፣ ከከባድ የኤሌክትሪክ ጊታር ፊት ቆመው በአገር ቅኝት ዘፈኑ። ባህላዊ ልብስን ስም አድርጎ የሚፈላ እሳተ ገሞራን ርእስ ያደረገ ባንድ ምን ሊል እንደፈለገ ለመገመት አያስቸግርም። እንደ እኔ ግን «ኤርታሌ» ከተራማጅ ሮክ ይልቅ ለከባድ ሮክ ይቀርባል፤ ጉልበቱ አለ፣ ዘፈኖቹ ግን አዝማቻቸውን አጥብቀው የያዙ ናቸው፣ ርቀው አይሄዱም። በማሲንቆ ብቻውን ጀምሮ፣ ጊታር አስገብቶ፣ በጽፋት ፍጥነት የሚጨርስ የሃያ ደቂቃ ሥራ ገና ሠሪ እየጠበቀ ነው። ጉዳዩን ከመተማ ጦርነት ቢወስድ ደግሞ ጥሩ።

ለመጀመር ለሚፈልግ ሰው ምክሬ ከ«ኤፒታፍ» መነሣት ነው፤ ለትዝታ ወዳጅ የሚቀርበው እሱ ነው። ቀጥሎ የርእሱ ዘፈን፣ ጆሮ ሲለምድ ያ ጯሂው። በጆሮ ማዳመጫ ቢሆን ይመረጣል፤ ዝቅተኛው ድምፅ በሻይ ቤት ጫጫታ ውስጥ ይጠፋል። «የጨረቃ ልጅ» የተባለው አራተኛው ከአሥራ ሁለት ደቂቃ በላይ ነው፤ ዘፈኑ ቶሎ ያልቅና የቀረው ሙዚቀኞቹ በሹክሹክታ እየተነካኩ የሚፈልጉት ነገር ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሰሙት ብትዘሉት አያስወቅስም። እ.ኤ.አ. በ2009 አልበሙ እንደገና ሚክስ ተደርጎ ሲወጣ ከዚያው ክፍል ጥቂት ደቂቃ ተቆርጧል።