የተሰረቀ ዓለም (ዐውደ ርዕይ)

የተሰረቀ ዓለም በስዊድን፣ በጎተንበርግ ከተማ በሚገኘው የዓለም ባህል ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተ ዐውደ ርዕይ ነበር። ለእይታ የቀረቡት በፔሩ ደቡባዊ የባሕር ዳርቻ የተሠሩ ጥንታዊ የፓራካስ ጨርቆች ናቸው። ዐውደ ርዕዩ በይበልጥ የሚታወቀው ጨርቆቹ ከመቃብር ተዘርፈው በኮንትሮባንድ ከፔሩ የወጡ መሆናቸውን ሙዚየሙ ራሱ ለጎብኚዎች በመግለጹ ነው።

የፓራካስ ባህል

የፓራካስ ባህል ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ800 ዓመት ገደማ ጀምሮ ለብዙ ምዕተ ዓመታት በፓራካስ ልሳነ ምድርና በአካባቢው ሸለቆዎች ኖሯል። ሰዎቹ ጨርቅ የሚሠሩት ከጥጥና ከአልፓካ ፀጉር ነበር። አልፓካ ከግመል ወገን የሆነ የአንዲስ ተራሮች የቤት እንስሳ ነው። በመጎናጸፊያዎቹ ላይ ወፎች፣ እንስሳትና የሚበርሩ የሚመስሉ ሰዎች በብዙ ቀለም ተጠልፈዋል። የሸክላ ዕቃዎቻቸውንም ከተተኮሱ በኋላ ከሙጫ ጋር በተቀላቀለ ቀለም ያስጌጡ ነበር።

ሙታን በብዙ ጨርቅ ተጠቅልለው ይቀበሩ ነበር። ቦታው ዝናብ የማያውቅ በረሃ ስለሆነ ጨርቆቹ 2000 ዓመት ያህል ሳይበሰብሱ ቆይተዋል። ፔሩያዊው አርኪዮሎጂስት ሁሊዮ ቴዮ እ.ኤ.አ. በ1927 በዋሪ ካያን በጀመረው ቁፋሮ 429 የአስከሬን ጥቅሎች ተገኝተዋል።

ወደ ስዊድን የተወሰዱበት ሁኔታ

ቴዮ እ.ኤ.አ. በ1930 በፔሩ ከተደረገው የመንግሥት ለውጥ በኋላ ከሙዚየም ኃላፊነቱ ተነሣ። ቁፋሮው ተቋርጦ ቦታው ያለ ጥበቃ ሲቀር ዘራፊዎች መቃብሮቹን ቆፈሩ። ከተዘረፉት ጨርቆች 100 ያህሉን በፔሩ የነበረ የስዊድን ቆንስላ ሹም በድብቅ ወደ አገሩ አስወጥቶ ለጎተንበርግ ሙዚየም ሰጠ። በ1929 የወጣው የፔሩ ሕግ ግን ከስፔን ወረራ በፊት የነበሩ ቅርሶችን የመንግሥት ንብረት አድርጎ ነበር።

ዐውደ ርዕዩና ክርክሩ

ጨርቆቹ የጎተንበርግ ከተማ ንብረት ሲሆኑ የሚጠብቃቸው ሙዚየሙ ነበር። ዐውደ ርዕዩ የጨርቆቹን ውበት ብቻ ሳይሆን የአመጣጣቸውንም ታሪክ በማሳየት የቅርስ ባለቤት ማን ነው የሚለውን ጥያቄ አነሣ። የፔሩ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2009 ጨርቆቹ እንዲመለሱ በይፋ ጠየቀ። የ1970 የዩኔስኮ ስምምነት ከመውጣቱ በፊት የተወሰዱ ቅርሶችን ስለማያስገድድ ጉዳዩ በድርድር መፈታት ነበረበት። ሌላው ችግር የጨርቆቹ ስስነት ነበር፤ በጉዞ ላይ የሚደርስ ንቅናቄ ክሮቹን ሊበጥስ ይችላል።

አመላለስ

ፔሩና የጎተንበርግ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2014 ባደረጉት ስምምነት 89 ጨርቆች እስከ 2021 ድረስ በየተራ እንዲመለሱ ተወሰነ። የመጀመሪያዎቹ 4 ጨርቆች በዚያው ዓመት ሊማ ገቡ። ከእነዚህ አንዱ 104 በ53 ሴንቲ ሜትር የሆነው ዝነኛው የፓራካስ መጎናጸፊያ ነው። በላዩ 32 አራት ማዕዘን ምስሎች ያሉት ሲሆን፣ አንዳንድ አጥኚዎች የእርሻ ወቅቶችን የሚያሳይ የዘመን መቁጠሪያ ሊሆን ይችላል ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ 79 ጨርቆች ወደ ፔሩ ተመለሱ።