ሞክሼ ጥይቶች

በአሜሪካ መሣሪያ ሠሪዎች ዘንድ «38» እየተባሉ የሚጠሩት የሽጉጥ ጥይቶች በስም አንድ፣ በአካል ግን ብዙ መሆናቸውን የተረዳ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ቁጥሩ የምን ልክ እንደ ሆነ ነው፤ 38 የኢንች መቶኛ 9.65 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ከሁሉ ይልቅ ስሙ የገነነው «38 ስፔሻል» የሚተኩሰው አረር ግን ውፍረቱ 9.07 ሚሊሜትር ብቻ ነውና።

ጥንተ ነገሩ የሚገኘው በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1870ዎቹ፣ ባሩድና ድቡልቡል እርሳስ በየጉድጓዱ እየታጨቀበት ይተኮስ የነበረው የኮልት ስድስት ጎራሽ፣ ቀለህ ያለው ጥይት እንዲጎርስ ተደርጎ በተለወጠበት ዘመን ነው። በዚያን ጊዜ አረሩና ቀለሁ በግዘፍ ዕሪና ነበራቸው፤ ቀጥኖ ወደ ቀለሁ የሚገባው የአረሩ ጅራት ብቻ ሆኖ፣ ወገቡ ከነቅባቱ ተጋልጦ ይቀር ስለ ነበር፣ አቧራውና የኪሱ ጉድፍ ሁሉ እየተጣበቀበት ተኳሹን ያስቸግር ነበር። ስለዚህ ሠሪዎቹ አረሩን አቅጥነው ወገቡን ከነቅባቱ በቀለሁ ውስጥ ሰወሩት፤ ቀለሁ በቀድሞ ልኩ ሲጸና አረሩ በቀለሁ ግድግዳ መጠን ቀነሰ፤ ስሙን ግን የነካው አልነበረም።

ከዚህ ወገን የሆነውን «38 ሎንግ ኮልት» የአሜሪካ ጦር በ1892 ተቀበለው፤ ዳሩ ግን በፊሊፒንስ ደሴቶች ከሞሮ ተዋጊዎች ጋር በተደረገው ውጊያ ጉልበቱ አንሶ ስለ ተገኘ፣ ሠራዊቱ ወደ ቀድሞው የ45 ልክ ተመልሶ በ1911 የጆን ብራውኒንግን ሽጉጥ መረጠ። (ይህም 45 ከ1873ቱ የኮልት 45 ጋር ሞክሼ ነው እንጂ ቀለሁ እጅግ ያጠረ ነው።) ስሚዝና ዌሰን የተባለው ፋብሪካ በበኩሉ፣ በክፍለ ዘመኑ መዝጊያ ላይ፣ የሎንግ ኮልትን ቀለህ ሦስት ሚሊሜትር ያህል አስረዝሞ፣ ባሩዱንም ከ18 ግሬን ገደማ ወደ 21 አሳድጎ ስፔሻልን አወጣ።

ይኸው ፋብሪካ ግን ከ1870ዎቹ ጀምሮ በገዛ ስሙ የሚጠራ ሌላ 38 ነበረው፤ ቁመቱ አጭር፣ ቀለሁ 9.8፣ አረሩ 9.17 ሚሊሜትር የሆነ። እንግሊዞች በ1932 ከኤንፊልድ ሽጉጥ ጋር የያዙት ይህንኑ ዓይነት ነበርና፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፋብሪካው ለዚህ ጥይት የተሠሩ ስድስት ጎራሾችን በብዙ መቶ ሺህ ላከላቸው። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ብዙዎቹ ወደ አሜሪካ ገበያ ሲመለሱ፣ በየሱቁ የሞላው ስፔሻል ስለ ነበረ ረጅሙን ጥይት እንዲቀበሉ ጉድጓዶቻቸው በመሰርሰሪያ እየጠለቁ ተሸጡ። ጉድጓዱ ሲጠልቅ ግን የግርጌው ስፋት አልጠበበም፤ ስለዚህ ከእንዲህ ያለው ሽጉጥ የወጣውን ባዶ ቀለህ በእጁ አገላብጦ የሚመለከት ሰው፣ ወደ አፉ ቀጥ ያለ ሆኖ ሳለ ከግርጌው ከፍ ብሎ ናሱ ሰፊውን ቦታ ለመሙላት ተለጥጦ አብጦ፣ አንዳንዴም በቁመቱ ተሰንጥቆ ያገኘዋል። ይህን ንግድ ከነውር እቈጥረዋለሁ፤ ገዢው ስሙን አምኖ ፊቱ አጠገብ የሚተኩስ ነውና።

በ1935 ያው ፋብሪካ ከስፔሻል እጅግ የበረታ ጥይት ሲያወጣ የተሻለ ጥንቃቄ አደረገ። የአረሩም የቀለሁም ውፍረት እንደ ነበረ ሆኖ፣ የቀለሁ ቁመት ብቻ ከ29.3 ወደ 32.8 ሚሊሜትር ከፍ አለ፤ ይህች ትርፍ የተጨመረችው ብርቱው ጥይት ለደካማው በተሠራ አሮጌ ሽጉጥ እንዳይጎርስ ነበር። ስያሜውንም ከቀድሞው ልማድ አላቀው በአረሩ እውነተኛ ልክ፣ በኢንች ሺህኛ ቆጥረው፣ «357 ማግነም» አሉት። ስለዚህ ስፔሻል በማግነም ሽጉጥ ያለ ችግር ይተኮሳል፤ ማግነምን በስፔሻል ሽጉጥ የከተተ ግን ግርጌው ወጥቶ ስለሚቀርበት ጉድጓዶቹን የያዘውን ተሽከርካሪ መዝጋት አይችልም።