የተከደነ ስሌት፣ የተገለጠ ኮድ፦ «አር» የተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር አመጣጥ

እ.ኤ.አ. በ2000 የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሕብረተሰብ ጤና ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች ያወጡት የአየር ብክለትና የሞት ጥናት በሕክምናው ዓለም ከፍተኛ ግምት የተሰጠው ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጥናቱ 90 የአሜሪካ ከተሞችን ያካተተ ሲሆን፣ ዲያሜትራቸው ከ10 ማይክሮሜትር የማይበልጥ ብናኞች በአንድ ኪዩቢክ ሜትር አየር ውስጥ በ10 ማይክሮግራም በጨመሩ ቁጥር በማግስቱ የሚመዘገበው ሞት በ0.41 በመቶ ከፍ እንደሚል አመልክቷል። አኃዙ በአንድ በሽተኛ አልጋ አጠገብ ለቆመ ሐኪም ኢምንት ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ሚሊዮኖች ሳይመርጡ በየዕለቱ ስለሚተነፍሱት አየር የሚናገር በመሆኑ፣ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የብናኝ ደረጃዎችን ለመከለስ በወቅቱ ይመረምራቸው ከነበሩት ማስረጃዎች አንዱ ነበር።

በ2002 ግን ከእነዚሁ ተመራማሪዎች መካከል ፍራንቼስካ ዶሚኒቺ፣ ኤይዳን ማክደርሞት፣ ስኮት ዜገርና ጆናታን ሳሜት በራሳቸው ቁጥር ላይ ጥያቄ አነሡ። መነሻው የሞት መዝገቡ ጉድለት አልነበረም፤ የብክለት መለኪያ ጣቢያዎቹም አልተበላሹም። ችግሩ የተገኘው ስሌቱ በተሠራበት «ኤስ ፕላስ» በተባለው የንግድ ሶፍትዌር ውስጥ፣ ማንም ሳይነካው በኖረ አንድ ቁጥር ላይ ነበር።

ተመራማሪዎቹ የተጠቀሙበት ዘዴ መልሱን በአንድ ጊዜ የሚያገኝ አይደለም። በመጀመሪያ ግምት ይይዛል፤ ግምቱን ያሻሽላል፤ የተሻሻለውን ደግሞ መልሶ ያሻሽላል፤ በሁለት ተከታታይ ዙሮች መካከል ያለው ልዩነት እጅግ ሲያንስ «በቃ» ብሎ ይቆማል። «እጅግ ማነስ» ማለት ስንት እንደሆነ ተጠቃሚው ካልወሰነ ፕሮግራሙ ራሱ ይወስንለታል። በኤስ ፕላስ ውስጥ ይህ ቁጥር 0.001 ሲሆን፣ የዙሮቹም ብዛት ከ10 እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። ለብዙው ሥራ ይህ ይበቃል። የብናኝ ተጽእኖ ግን ለእያንዳንዱ ማይክሮግራም ሲሰላ ራሱ ከሺህ አንድ ያነሰ በመሆኑ፣ ነገሩ የአራስ ሕፃንን የዕለት ክብደት ጭማሪ በእህል በረንዳ ሚዛን እንደመለካት ሆነ። ፕሮግራሙ ገና መድረሻው ሳይደርስ «ደርሻለሁ» ይል ነበር።

ተመራማሪዎቹ መመዘኛውን ከነጥብ በኋላ እስከ አሥራ አምስተኛው ቤት አጥብቀው፣ የዙሩን ጣሪያም ወደ 1000 ከፍ አድርገው ስሌቱን ደገሙት። 0.41 በመቶ የነበረው ጭማሪ ወደ 0.27 በመቶ ወረደ። በሌላ የስሌት ዘዴ ሲሠራ ደግሞ 0.21 በመቶ ሆነ፤ ማለትም ከመጀመሪያው በግማሽ ያህል አነሰ። ይህም ብቻ አልነበረም። በዚያው ፕሮግራም የሚሰላው የስሕተት ወሰን ከትክክለኛው የጠበበ መሆኑን ሌሎች ተመራማሪዎች አሳዩ። በተመሳሳይ መንገድ የተሠሩ የሌሎች ቡድኖች ጥናቶችም እንደገና መሰላት ነበረባቸው፤ የእነዚህ ክለሳዎች ውጤት በ2003 በአንድ ልዩ ሪፖርት ታትሞ ወጣ። በብናኝና በሞት መካከል ያለው ዝምድና እንዳለ ቆየ፤ የተለወጠው መጠኑ ነው። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ያገኙትን ጉድለት ራሳቸው ማሳወቃቸው ሊመሰገኑበት የሚገባ ተግባር ነው።

ፕሮግራሙ አልተበላሸም፤ የታዘዘውን ሠርቷል። 0.001 የሚለውም ቁጥር ምስጢር አልነበረም፤ መመሪያውን ለሚያነብ ሰው ይታይ ነበር። ነገር ግን ማን ያነባል? የላቦራቶሪ ባለሙያ ያልተስተካከለ ማሽን ያወጣውን የደም ስኳር ውጤት አይፈርምበትም። ያው ባለሙያ የጥናቱን መረጃ ወደ ኮምፒዩተር ካስገባ በኋላ የሚወጣለትን «ፒ ቫልዩ» ግን ሳይጠራጠር ይቀበላል። የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ታሪክ ለጤና ባለሙያ የሚጠቅመውም ከዚህ ላይ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው በኒው ጀርሲ፣ መሪ ሂል ውስጥ በነበረው የቤል ላቦራቶሪ ነው። በ1976 ጆን ቼምበርስና የሥራ ባልደረቦቹ ለመረጃ ትንተና የሚያገለግል ቋንቋ ለመንደፍ ተሰበሰቡ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ አንድ የስታቲስቲክስ ሊቅ አዲስ ሐሳብ ለመሞከር ሲፈልግ በፎርትራን ቋንቋ ረጅም ፕሮግራም መጻፍ ነበረበት። ቼምበርስና ጓደኞቹ ያሰቡት የፎርትራኑን ሥራ ከሥር አስቀምጠው፣ ተመራማሪው በአጭር ትእዛዝ የሚያነጋግረው ሽፋን ማበጀት ነበር። ቋንቋውን «ኤስ» ብለው ጠሩት። በ1980ዎቹ ውስጥ ኤስ ከላቦራቶሪው ውጭ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተዳረሰ። በ1988 በኤስ ላይ የተመሠረተው ኤስ ፕላስ ለገበያ ቀረበ፤ በ1993 ደግሞ ኤስን የማሰራጨት ብቸኛ መብት ወደ ንግድ ኩባንያ ተላለፈ። ቼምበርስ በ1998 የአሜሪካው የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ማኅበር የሶፍትዌር ሽልማቱን ሲሰጠው፣ ያ ቋንቋ የሚገዛ ሸቀጥ ከሆነ ዓመታት አልፈው ነበር።

በዚያን ጊዜ ግን ከዚያ እጅግ ርቆ በኒውዚላንድ ሌላ ሥራ ተጀምሯል። በኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጀንትልማን፣ ተማሪዎቻቸው በሚጠቀሙባቸው የማኪንቶሽ ኮምፒዩተሮች ላይ የሚሠራ ደህና የስታቲስቲክስ ፕሮግራም አጡ። ስለዚህ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በሲ ቋንቋ አንድ አነስተኛ አስተርጓሚ ፕሮግራም ጻፉ። ውስጡን «ስኪም» ከተባለው ቋንቋ ቀዱ፤ ውጪውን ግን ኤስን አስመሰሉት። ከሁለቱም ስም መጀመሪያ ያለውን ፊደል ወስደው፣ ኤስንም በቀልድ እየጠቀሱ፣ «አር» አሉት።

ፕሮግራሙ የሁለት መምህራን መጫወቻ ሆኖ ሊቀር ይችል ነበር። በዙሪክ የነበረው የስታቲስቲክስ ባለሙያ ማርቲን ሜክለር የምንጭ ኮዱን ለሁሉ ክፍት እንዲያደርጉት ወተወታቸው። ለዚህ የሚሆነው ሕግ አስቀድሞ ተዘጋጅቷል። ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 ያወጀው የግኑ እንቅስቃሴ፣ ማንኛውም ሰው የፕሮግራሙን ኮድ እንዲያነብ፣ እንዲለውጥና እንዲያከፋፍል የሚፈቅድ ፈቃድ ነበረው፤ ፈቃዱም የተለወጠውን የሚያሰራጭ ሰው ይህንኑ መብት ለሌላው እንዲያስተላልፍ ያስገድዳል። አር በሰኔ 1995 በዚህ ፈቃድ ወጣ። በ1997 ኮዱን የሚጠብቅ ዓለም አቀፍ ቡድን ተቋቋመ፤ በዚያው ዓመት ኩርት ሆርኒክና ፍሪትስ ላይሽ በቪየና ከተማ የፕሮግራሙንና የተጨማሪ ክፍሎቹን ማከማቻ ከፈቱ። የመጀመሪያው ሙሉ እትም፣ 1.0.0፣ የወጣው የካቲት 29 ቀን 2000 ነው።

በእነዚያ ዓመታት አርን «መጫን» ሲባል ብዙውን ጊዜ መገንባት ማለት ነበር። ተጠቃሚው የሚያወርደው ተዘጋጅቶ ያለቀ ፕሮግራም ሳይሆን፣ ሰው የሚያነበው የሲና የፎርትራን ጽሑፍ የታጨቀበት ጥቅል ነው። ጥቅሉን ከፈታ በኋላ «ኮንፊገር» የሚለውን ትእዛዝ ይሰጣል። ይህ ትእዛዝ እንደ አዲስ ሐኪም ኮምፒዩተሩን ከእግር እስከ ራሱ ይመረምራል፦ የሲ ኮምፓይለር አለ ወይ? የፎርትራንስ? የትኞቹ የሒሳብ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል? አንዱ ከጎደለ የጎደለውን ነግሮ ይቆማል፤ ተጠቃሚውም ያንን ፈልጎ አምጥቶ እንደገና ይጀምራል። ምርመራው ሲያልፍ «ሜክ» በሚለው ትእዛዝ ጽሑፉ አንድ በአንድ ወደ ማሽን ቋንቋ ይለወጣል። በዘመኑ ኮምፒዩተር ይህ ረዘም ያለ ጊዜ ይወስድ ነበር፤ በስክሪኑ ላይ የሚንቆረቆረው መስመርም ልምድ የሌለውን ያስፈራል።

ከሁሉም የሚበልጠው ደረጃ ብዙዎች የሚዘሉት ነው። «ሜክ ቼክ» የሚለው ትእዛዝ አዲስ የተገነባውን ፕሮግራም መልሳቸው አስቀድሞ የታወቁ ስሌቶችን ያሠራውና፣ ውጤቱን ከተቀመጠው መልስ ጋር ያስተያያል። ይህ በላቦራቶሪ ውስጥ የታወቀ ናሙና አስገብቶ ማሽኑን ከመፈተሽ አይለይም። ፈተናው ያለ ምክንያት አልተጨመረም። ያው ኮድ በተለያየ ኮምፓይለርና በተለያየ የሒሳብ ቤተ መጻሕፍት ሲገነባ የመጨረሻዎቹ አኃዞች ሊለያዩ ይችላሉ፤ የድሮዎቹ የኢንቴል ማሽኖች ስሌትን በ80 ቢት ይዘው ሲሠሩ፣ ሌሎቹ በ64 ቢት ይሠሩ ነበር። ለአማካይና ለመቶኛ ይህ ምንም አይደለም። ዙር እየደጋገመ «በቃ» የሚልበትን ቦታ ለሚፈልግ ስሌት ግን ሁልጊዜ ምንም አይደለም ማለት አይቻልም።

ዛሬ አብዛኛው ሰው አርን ተገንብቶ እንዳለቀ ወስዶ በጥቂት ደቂቃ ይጭናል፤ ይህም ተገቢ ነው፤ ሐኪም ሁሉ ኮምፓይለር ይማር የሚል የለም። የተለወጠው ነገር፣ ኮዱን ማየት የሚፈልግ ሰው ማየት መቻሉ ነው።

በኢትዮጵያ የጤና ጥናቶች «የአሠራር ዘዴ» ክፍል ላይ ለብዙ ዓመታት የተለመደው አነጋገር፣ መረጃው በኤፒ ኢንፎ ገብቶ በኤስፒኤስኤስ ተተነተነ የሚል ነው። ኤፒ ኢንፎን የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ1985 ያወጣው የወረርሽኝ መርማሪዎች በመስክ እንዲጠቀሙበት ሲሆን፣ ያለ ክፍያ በመሰጠቱ በድሃ አገሮች ያሉ ባለሙያዎችን እጅግ ጠቅሟል። ሆኖም በነፃ መሰጠትና ምንጩ ክፍት መሆን አንድ አይደሉም። የመጀመሪያዎቹ እትሞች በነፃ ቢታደሉም ተጠቃሚው የሚያገኘው የተከደነውን ፕሮግራም ነበር፤ ኮዱ ለሕዝብ የተከፈተው በኋለኛው፣ ሰባተኛው እትም ነው። ኤስፒኤስኤስ ደግሞ የሚሸጥ ነው። ስለዚህ ጥናቱን የሚገመግም ሰው የስሌቱን ዘዴ ስም ብቻ ሲያነብ፣ የትኛው እትም፣ በየትኛው መመዘኛ እንደቆመ ሳይጠይቅ ያልፋል።

ወደ አየር ብክለቱ ታሪክ እንመለስ። የዚያን ስሌት የመጀመሪያ ፕሮግራም ለኤስ የጻፈው ትሬቨር ሄስቲ ነው። በ2004 ሄስቲ ራሱ ከዶሚኒቺና ከማክደርሞት ጋር በመሆን የስሕተት ወሰኑን በትክክል የሚያሰላ መንገድ አሳተመ። ያው ፕሮግራም ወደ አር ሲዛወር፣ የማቆሚያው ቁጥር 0.001 መሆኑ ቀርቶ አንድ አሥር ሚሊዮንኛ ሆነ። ይህን ለማረጋገጥ ለማንም ደብዳቤ መጻፍ አያስፈልግም፤ ጥቅሉን ከፍቶ መስመሩን ማንበብ ይበቃል።

ክፍት መሆን ከስሕተት ያድናል ማለት አይደለም። በአር ውስጥ ናሙናን በዕጣ የሚያወጣው ትእዛዝ፣ የሚመረጥበት ሕዝብ እጅግ ብዙ ሲሆን ዕጣውን በእኩል እንደማያዳርስ የታወቀው ከብዙ ዓመታት አገልግሎት በኋላ ነው። ኮዱ በዚያ ሁሉ ጊዜ ለማንም ክፍት ነበር፤ አንባቢ አጥቶ ነው። ጉድለቱ በ2019 በወጣው 3.6.0 እትም ታረመ። በተለመዱት የሕክምና ሙከራዎች መጠን አድልዎው የሚታይ አይደለም፤ እርማቱ ግን ሌላ ጣጣ አመጣ። በሽተኞችን ወደ መድኃኒትና ወደ ንጽጽር ቡድን የሚመድብ ዝርዝር በአሮጌው እትም ተዘጋጅቶ ከሆነ፣ ያው መነሻ ቁጥር በአዲሱ እትም ሌላ ዝርዝር ያወጣል። ማን የትኛውን መድኃኒት ሊወስድ እንደተመደበ ከዓመታት በኋላ መመርመር የሚፈልግ ሰው፣ አዲሱን እትም በአሮጌው የዕጣ አወጣጥ እንዲሠራ ማዘዝ ወይም አሮጌውን እትም ራሱን ማግኘት አለበት።

የቪየናው ማከማቻ አሮጌዎቹን እትሞች አልጣላቸውም። በ2000 የወጣው የ1.0.0 ጥቅል ዛሬም ከነምንጭ ኮዱ ተቀምጦ ይገኛል። ዘመናዊ ኮምፓይለር እንደወረደ ላይቀበለው ይችላል፤ በዚያን ዘመን የተፈቀደ አጻጻፍ ዛሬ እንደ ስሕተት የሚቆጠርበት ቦታ አለ። ያን ጊዜ መርማሪው የዘመኑን ስርዓተ ክወናና የዘመኑን ኮምፓይለር ፈልጎ፣ ጥቅሉን ፈትቶ፣ «ኮንፊገር» ብሎ ይጀምራል።