የበዛብህ ጥፋት ወዴት ነው?

ከእንጅባራ ተነሥቶ በቲሊሊና በቡሬ በኩል ወደ ፍኖተ ሰላም የሚወርድ መንገደኛ ማንኩሳን ሳያይ አያልፍም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ለበዛብህ የትውልድ አገር ያደረጉለት ይህንኑ ማንኩሳን ነው። ስለዚህ የዳንግላና የእንጅባራ ሰው ያን መጽሐፍ ሲያነብ የጎረቤቱን ልጅ ነገር እንደ ሰማ ሆኖ ነው፤ በጎረቤት ልጅ ላይ ደግሞ መፍረድ ይቀላል።

ፍርዱም የታወቀ ነው። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸው በሕይወት እንዲያድግላቸው ሲሉ፣ ሚስት ሳያገባ ቤተ ክርስቲያንን እንዲያገለግል ለእግዚአብሔር ብፅዓት ሰጡት። እርሱ ግን ለትምህርት ዲማ ጊዮርጊስ ደርሶ፣ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን አስተምር ቢባል ወደዳት። ብፅዓት አፈረሰ ይሉታል። የሚያዝኑለትም ቢሆኑ ለፍርዱ ዕንባ ይጨምሩበታል እንጂ ፍርዱን አይመረምሩትም።

አንባቢ ሆይ፣ የሐናን ስእለት እናስታውስ። ሳሙኤልን ገና ሳትፀንሰው ተሳለችው፤ ጡት ባስጣለችው ጊዜም ወደ ሴሎ ወስዳ ለካህኑ ለዔሊ ሰጠችው። ነገር ግን በዚያው በሳሙኤል ቀዳማዊ መጽሐፍ በምዕራፍ 8 ሳሙኤል ኢዮኤልና አብያ የተባሉ ልጆች እንደ ነበሩት ተጽፏል። እንግዲህ ለመቅደስ መሰጠት አንድ ነገር፣ ከጋብቻ መከልከል ሌላ ነገር ነው። መጽሐፈ መክብብም በምዕራፍ 5 ስለ ስእለት ሲያስጠነቅቅ የሚናገረው በገዛ አፉ ለተሳለው ሰው ነው። በዛብህ በአፉ የተሳለው የለም።

ሊቃውንቱ፦ «ብፅዓቱን ዐውቆ፣ አምኖበት አደገ አይደለምን?» ይሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ሕሊናው እየከሰሰው ሄዷል፤ ይህም ቀላል አይደለም።

እኔ ግን ጥፋቱን በሌላ ስፍራ አየዋለሁ። በዚያ ዘመን ከአገው ምድርም ሆነ ከሌላው ጎጃም ተነሥቶ ወደ ዋሸራ፣ ወደ ጎንጅ፣ ወደ ዲማ የሚወርድ ተማሪ ለምዱን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከደጅ ሲቆም፣ ስሙንና ወገኑን ሳይጠይቅ ቁራሽ የሚሰጠው ባለ አገር ነበር። ያ ተማሪ መምህር በሆነ ጊዜም ቤቱን የሚከፍትለት ሰው ሴት ልጁን አምኖ ይተውለት ነበር። ያ እምነት የበዛብህ ብቻ አልነበረም፤ ከእርሱ በኋላ በየደጁ የሚቆሙት ተማሪዎች ሁሉ ነው። በዛብህ በዚያ እምነት ገብቶ ነገሩን በስውር ያዘ። የእኔ ክስ ይህ ነው፤ ከብፅዓቱም ይከብድብኛል።

ታዲያ በግልጥ ሽማግሌ ይልክ ነበርን? መሸሻ የባለ ርስቱንና የባለ ማዕርጉን ልጅ እንኳ በዘር እየመዘኑ ይመልሱ ነበርና፣ የማንኩሳው ድኻ ልጅ ሽማግሌ ቢልክ የሚያገኘው ጅራፍ ነበር። የመሸሻን ኩራት ለበዛብህ ማስተስረያ አላደርገውም፤ ነገር ግን ቀጥተኛውን በር የዘጋው ማን እንደ ሆነ ሳይጠየቅ በጓሮ የገባውን ብቻ መያዝ የዳኛ ሥራ አይመስለኝም። ጉዱ ካሣ የመሸሻ ዘመድ ሆኖ ሳለ ከበዛብህ ጋር የቆመው ይህን በማየቱ ይመስለኛል።

ስለቱን የተሳሉት ቦጋለና ውድነሽም አሉ። ስለ ልጃቸው ሕይወት የፈሩ ወላጆች ናቸውና ልከሳቸው አልደፍርም፤ ምስክርነታቸውን ግን እሻለሁ።