የድሬዳዋ ተማሪና የትምህርት ቤቱ ቋንቋ

ስለ ኢትዮጵያ ዘመናዊ ትምህርት የተጻፈው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የመሥራቾች ታሪክ ነው። ትምህርት ቤቱን ማን እንዳቆመው፣ መቼ እንደ ተመረቀ፣ መምህራኑ ከየት አገር እንደ መጡ በሰፊው ይነገራል። በወንበሩ ላይ የተቀመጠው ልጅ ግን ምን እንደ ሰማ፣ የሰማውንስ በምን ቋንቋ ለራሱ እንደ ተረጐመው የሚናገር ጽሑፍ ጥቂት ነው። ይህን ጉድለት ለመመርመር ድሬዳዋ እጅግ የተመቸች ከተማ ናት፤ በአንድ መቶ ዓመት ጥቂት በዘለለ ዕድሜዋ ውስጥ የትምህርት ቤቱ ቋንቋ ብዙ ጊዜ ተለዋውጦባታልና። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከተማይቱ የምድር ባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1902 መጨረሻ ከተራራው ሥር በደረሰ ጊዜ፣ መስመሩ ወደ ሐረር ከፍታ መውጣት ስላልተመቸው ጣቢያው በሜዳው ላይ ተቋቋመ። ስፍራው መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለ። የደቻቱ ወንዝ ከተማይቱን ለሁለት ይከፍላታል፤ በአንድ ወገን በዕቅድ የተሠራው ከዚራ፣ በሌላው ወገን የገበያው ሰፈር መጋላ ይገኛሉ። ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ዐረቡ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱና ፈረንሳዩ ለሥራና ለንግድ እዚያ ተገናኙ። እንግዲህ የድሬዳዋ ልጅ ፊደል ከመቁጠሩ አስቀድሞ ከአንድ በላይ ቋንቋ በጆሮው ይገባ ነበር።

የውጭ ትምህርት ቤት ሲከፈት ሕዝቡ ትምህርት የሌለው አልነበረም። የቤተ ክርስቲያኑ ተማሪ ፊደል፣ ንባብና ዳዊት እየተባለ በደረጃ ይማር ነበር። የቁርአኑ ተማሪ ደግሞ በእንጨት ሰሌዳ ላይ በተጻፈው ፊደል ጀምሮ ምዕራፉን በቃሉ ይይዝ ነበር። ሁለቱ ትምህርቶች በሃይማኖት ቢለያዩም በአሠራር ይቀራረባሉ፤ በሁለቱም ዘንድ ትምህርቱ በከፍተኛ ድምፅ ይደገማል፣ የቀደመው ተማሪ ለኋለኛው ያስቀጽላል፣ ማስታወስ የዕውቀት ሁሉ መሠረት ሆኖ ይቈጠራል። ከዚህም ሁሉ የሚበልጥ አንድ ተመሳሳይነት አላቸው፤ አንደኛው በግዕዝ፣ ሁለተኛው በዐረብኛ የሚሰጥ በመሆኑ፣ ልጁ የሚማርበት ቋንቋ እናቱ በቤት የምትናገረው አልነበረም።

ስለዚህ አሊያንስ ፍራንሴዝ በ1908 በድሬዳዋ ትምህርት ቤት ሲከፍት፣ በባዕድ ቋንቋ መማር ለልጆቹ ፈጽሞ እንግዳ ነገር አልሆነባቸውም። በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ግብፃውያን መምህራን ያስተምሩበት ጀመር። በድሬዳዋ የተለየው ነገር ቋንቋው ያገለግል የነበረበት ጉዳይ ነው። ግዕዝና ዐረብኛ ወደ መቅደስና ወደ መስጊድ ሲያደርሱ፣ ፈረንሳይኛ ግን ወደ ኩባንያው መሥሪያ ቤት ያደርስ ነበር። የባቡሩ ኩባንያ ሥራውን የሚያካሂደው በፈረንሳይኛ ስለ ነበረ፣ ቋንቋውን ያወቀ ወጣት ጸሐፊ፣ ትኬት ቈራጭ ወይም አስተርጓሚ ለመሆን ተስፋ ነበረው። ሐዲዱ በ1917 አዲስ አበባ ገብቶ መስመሩ 784 ኪሎ ሜትር ከሆነ በኋላ ይህ ተስፋ ይበልጥ ሰፋ። ትምህርት ቤት ያልገባውም ቢሆን ከባቡሩ አልቀረበትም፤ ለገሃር፣ ቢሮ፣ ፍሬን የሚሉት ቃላት ከፈረንሳይኛ ወጥተው የአማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ገንዘብ ሆነዋል።

በግንቦት 1936 የኢጣልያ ጦር ድሬዳዋ ሲገባ የትምህርቱ ነገር ተገለበጠ። የወራሪው መንግሥት በዚያው ዓመት ባወጣው ሕግ ለየግዛቱ የማስተማሪያ ቋንቋ ሲመድብ፣ ለሐረር ግዛት ሐረሪኛና ኦሮምኛን ደለደለ፤ በእስላሞች አገርም ዐረብኛ እንዲሰጥ አዘዘ። ይህ ውሳኔ በወረቀት ሲታይ ለሕዝቡ ቋንቋ ክብር የሰጠ ይመስላል። ነገር ግን ሐሳቡ አገሩን ለመከፋፈል ነበር፤ የአገሬው ልጅና የኢጣልያኑ ልጅ በአንድ ክፍል እንዳይቀመጡም ተከልክሏል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ቀላል አይደለም፤ የማስተማሪያ ቋንቋ መልካምነት በቋንቋው ብቻ ሳይሆን በሚያስተምረው ሰው ዓላማም ይመዘናል።

ከተማይቱ በ1941 ነፃ ከወጣች በኋላ እንግሊዝኛ በከፍተኛው ትምህርት የፈረንሳይኛን ስፍራ ወሰደ። በ1944 ስለ ሚሲዮኖች የወጣው ድንጋጌ አማርኛን ጠቅላላ የማስተማሪያ ቋንቋ አደረገው፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያም የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ሁሉ በአማርኛ እንዲሰጥ ሆነ። ለአማርኛ ተናጋሪው ልጅ ይህ ታላቅ ዕረፍት ነበር፤ ስሌቱንና ሳይንሱን በእናቱ ቋንቋ ያገኝ ጀመርና። በመጋላ ለሚኖረው የሶማሌ ወይም የኦሮሞ ልጅ ግን አንዱ የውጭ ቋንቋ በሌላ ትምህርት ቤት ሠራሽ ቋንቋ ተተካ እንጂ ሸክሙ አልቀለለም። ሰባተኛ ክፍል ሲደርስ ደግሞ እንግሊዝኛ ይጠብቀው ነበር።

የተማሪን ኑሮ ለማጥናት የተጀመረው ሙከራም የዚያው ዘመን ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች በ1950ዎቹ የራሳቸውን የኢትኖሎጂ ማኅበር አቋቁመው፣ ከየተወለዱበት አገር ያሰባሰቡትን ልማድና ወግ በመጽሔታቸው ያትሙ ነበር። ከ1964 ጀምሮም በዩኒቨርሲቲው አገልግሎት ደንብ መሠረት ተማሪዎች ዲግሪያቸውን ከመቀበላቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ሆነ፤ የሚበዙትም የተመደቡት በመምህርነት ነው። የትላንቱ ተማሪ በሰሌዳው ፊት ሲቆም፣ የራሱን መምህራን ጠባይና የትምህርቱን ከባድነት ከሌላ ወገን ለማየት ቻለ። በ1978 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ክፍል ሲቋቋም፣ ይህን የመሰለው አስተያየት ወደ መደበኛ ምርምር የሚያድግበት መንገድ ተከፈተ።

በ1994 የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይማር ዘንድ ወሰነ። በድሬዳዋም የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ መሰጠት ጀመረ። የቀድሞው ሸክም በዚህ ተቃለለ፤ በምትኩ ግን ሌላ ጥያቄ ተወለደ። በአንድ ሰፈር አብረው ኳስ የሚጫወቱ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስቱን ቋንቋዎች የሚቀላቅሉ ልጆች በክፍል ሲለያዩ፣ የመንገዱ ቋንቋና የመጽሐፉ ቋንቋ እንዴት ይስማማሉ? አባቱ ኦሮምኛ፣ እናቱ አማርኛ የሚናገሩ ልጅስ የአፍ መፍቻው የትኛው ነው ተብሎ ይመዘገባል?

የዚህ ጥያቄ መልስ በቢሮ መዝገብ አይገኝም፤ ከተማሪው አንደበት መሰማት አለበት። የዛሬው የድኅረ ምረቃ ተመራማሪ ግን ጽሑፉን የሚያቀርበው በእንግሊዝኛ ነው። ልጁ በሶማሊኛ የተናገረውን በአማርኛ አስተርጉሞ፣ በእንግሊዝኛ ሲጽፈው፣ ቃሉ ሁለት ጊዜ ወንዝ ይሻገራል። ልጁ «አልገባኝም» ሲል ትምህርቱ መክበዱን፣ መምህሩን መፍራቱን ወይም ቋንቋውን አለማወቁን ለይቶ የሚያሳየው አነጋገሩ ነው፤ በመሻገሩ መካከል አስቀድሞ የሚጠፋውም ይኸው ነው። ጽሑፉ ከተፈረደለት በኋላም በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ይቀመጣል እንጂ ቃሉን ለሰጠው ልጅ መምህር በሚያነበው ቋንቋ ብዙ ጊዜ አይመለስለትም።

ከዚህ የተነሣ ሁለት ነገር ይገባል። አንደኛ፣ ተመራማሪው የተማሪውን ቃል በተነገረበት ቋንቋ ጽፎ ያቆየው፤ ትርጉሙም ከጎኑ ይሁን። ሁለተኛ፣ የጥናቱ ፍሬ ቢያንስ በጥቂት ገጾች ተጠቃሎ መምህራኑ በሚያስተምሩበት ቋንቋ ይድረሳቸው። በ2007 ማስተማር የጀመረው የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲና ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ሥራ ቅርብ ናቸው። በከዚራና በመጋላ በፈረንሳይኛ፣ ኋላም በአማርኛ የተማሩ ሽማግሌዎች ቁጥራቸው በየዓመቱ እያነሰ ይሄዳል። የትምህርት ቤቶቹ መሥራቾች ስማቸው በሰነድ ተጽፎላቸዋል፤ የእነዚህ ሽማግሌዎች ትዝታ ግን ጠይቆ የሚጽፈው ካልተገኘ አብሯቸው ይቀበራል።