ፍቺው እስኪያልቅ ማን ያብላ?

ስለ ፍቺ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ዘወትር የሚቸኩለው ወደ ንብረት ክፍፍሉ ነው። በሬው ለማን ደረሰ? ቤቱን ማን ወሰደ? እኔ ግን በዚህች አጭር ጽሑፍ የማነሣው ከዚያ በፊት ያለውን ጊዜ ነው። ባልና ሚስት ተጣልተዋል፤ ፍርዱ ገና አልተሰጠም። ታዲያ በዚህ መካከል ሚስት ምን ትብላ? ልጁንስ ማን ያልብሰው? ጥያቄው ትንሽ ይመስላል እንጂ ብዙውን ጊዜ የፍቺውን ውጤት የሚወስነው እሱ ነው።

በቀድሞው ዘመን በደጋው ክርስቲያን አገር ጋብቻ በሦስት ዓይነት ይፈጸም ነበር፤ በቁርባን፣ በሰማንያና በደሞዝ። የቁርባኑ እንዳይፈታ ተብሎ የታሰረ ነው። ሰማንያው ሲፈርስ ሽማግሌ ይቀመጥና ንብረት ይካፈላሉ። የደሞዝ ሚስት ደግሞ አስቀድሞ የተቆረጠላት ክፍያ አላት። ሽማግሌው ነገሩን እስኪጨርስ ግን የተጣላች ሴት መጠጊያዋ ያው የወላጆቿ ቤት ነው፤ ቀለቧም ከአባቷ ጎተራ ይወጣል። አባት የሌላትስ? እሷማ ወይ ሳትወድ ትታረቃለች፣ ወይ ባዶ እጇን ትወጣለች። በእስልምናው ሕግ በኩል ይህ የመጠበቂያ ጊዜ ስምም ሥርዓትም ነበረው፤ ባል ሊመልሳት በሚችልበት ፍቺ፣ ሚስት ዒዳዋን እስክትጨርስ ድረስ ቀለቧና መጠለያዋ በባሏ ላይ ነው።

ከዚያ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ መጣ። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ናቸው። ሕጉ ባልን የቤተሰቡ ራስ አደረገ፤ የፍቺን ነገር ደግሞ ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ሰጠ። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ለማስታረቅ ይሞክራሉ፤ ካልሆነላቸው ማመልከቻው በቀረበ በአንድ ዓመት ውስጥ ፍቺውን ይወስናሉ። ልብ በሉ፣ አንድ ዓመት! እስከዚያ ድረስ ማን የት ይደር፣ ማን ምን ይብላ የሚለውም በእነዚሁ ሽማግሌዎች እጅ ነበር። ሽማግሌ ደግሞ ይመክራል፣ ይገሥጻል እንጂ ከእምቢተኛ ኪስ ገንዘብ የሚያወጣበት ኃይል የለውም።

ነገሩ የተለወጠው በኋላ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ባልና ሚስት ሲጋቡም፣ በጋብቻ ሳሉም፣ ሲፋቱም እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም የቤተሰብ ሕጉ እንዲሻሻል ብዙ ደከመ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (ቁጥር 213) ፍቺን ከሽማግሌ አንሥቶ ለፍርድ ቤት ሰጠ፤ ለሽማግሌ ማስታረቁ ብቻ ቀረ። ይህ ሕግ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ ብዙ ክልሎች የየራሳቸውን አውጥተዋል። ዳኛው ለተጋቢዎቹ እስከ ሦስት ወር የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። ነገር ግን ወዲያውኑ ስለ ተጋቢዎቹ ቀለብ፣ ስለ ልጆቹ ጥበቃና ቀለብ፣ ስለ ንብረቱም አስተዳደር ትእዛዝ መስጠት አለበት። ከቤት ውጣ ወይም ውጪ ሲልም የልጆቹን ጥቅምና ይበልጥ የሚጎዳውን ተጋቢ ማየት አለበት።

ይህች ትእዛዝ ለምን ትከብዳለች? በተጋቢዎች መካከል ያለው የቀለብ ግዴታ ጋብቻው ሲፈርስ አብሮ ይፈርሳልና ነው። የልጁ ይቀጥላል፤ የሚስት ወይም የባል ግን እዚያው ላይ ያበቃል። ስለዚህ ያ የመጠበቂያ ጊዜ ካመለጠ አመለጠ። በዚያ ላይ ጊዜው ደርሶ በሦስት ወር ውስጥ ያልተጠየቀ ውዝፍ ቀለብ፣ ለመኖር የግድ እንደሚያስፈልግ ካልተረጋገጠ በቀር፣ ይቀራል። «ነገ ይሰጠኛል» ብላ በይሉኝታ ዝም ያለች ሴት መብቷ እንዲህ በዝምታ ይበላባታል።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከዚህ ታሪክ የምንረዳው ምንድን ነው? ቀለብ ምጽዋት አይደለም፤ የፍርዱ አንድ ክፍል ነው። የተራበ ሰው የቀረበለትን ውል ሁሉ ይፈርማል፤ ልጇ የራባት እናት ድርሻዋን ትታ ትታረቃለች። ከዳኛው በፊት ርኀብ ከፈረደ፣ ዳኛው በኋላ የሚጽፈው የርኀብን ውሳኔ ግልባጭ ነው። አባቶቻችን ይህን ችግር ለአባት ጎተራ ትተውት ነበር፤ የ1952ቱ ሕግ ለሽማግሌ ተወው፤ የ1992ቱ ለዳኛ። የጎተራውም የሽማግሌውም ዘመን አልፏል። አሁን የሚቀረው ዳኛው «ወዲያውኑ» የምትለዋን ቃል እንደ ተጻፈች እንዲያነባት፣ ባለጉዳይዋም ሳትፈራ እንድትጠይቅ ነው።